ጎማ የማያፋጥነው እርምጃ

ቅዳሜ ከሰዓት ነው እንበል። ሦስተኛ ፎቅ ላይ ባለች የኮንዶሚኒየም ሳሎን ውስጥ ጀበናው ከሰል ላይ ተጥዷል፤ ቄጠማው ተጎዝጉዟል፤ ስኒዎቹ ረከቦቱ ላይ ተደርድረዋል። የዘጠኝ ወሩ ልጅ ጎማ ባለው ዎከሩ ውስጥ ሆኖ በእግሩ ጣቶች ወለሉን እየገፋ ከሶፋው ወደ ቴሌቪዥኑ፣ ከቴሌቪዥኑ ወደ ወጥ ቤቱ ይመላለሳል። የዎከሩ ሙዚቃ ይጮኻል፤ ልጁ ይስቃል፤ ቤቱም አብሮት ይስቃል። እንግዶች ገና እየገቡ ስለሆነ የውጭው በር ገርበብ ብሎ ቀርቷል። ከደጃፉ ሁለት ሜትር እልፍ ሲሉ የጋራው ደረጃ ይጀምራል።

እዚህ ሳሎን ውስጥ ቸልተኛ ሰው የለም። እናትየው ዎከሩን ያወጣችው ልጇ ከዓይኗ ሳይርቅ ቡናዋን ለመቁላትና እንግዳዋን ለማስተናገድ ነው። ነገር ግን በዚህች ሰዓት ከቤተሰቡ ሁሉ ፈጣኑ ያ ልጅ ነው። ዎከር ውስጥ ያለ ሕፃን በአንድ ሰከንድ ከአንድ ሜትር በላይ መንሸራተት ይችላል። እናቱ ዘወር ብላ እስክታየው፣ ደንግጣ የያዘችውን እስክታስቀምጥ፣ ተነስታም እስክትደርስ ሦስት አራት ሰከንድ ማለፉ አይቀርም። ያን ጊዜ ልጁ ወይ ደረጃው አፍ ላይ ነው፣ ወይ ከሰሉ ዘንድ።

መርካቶም ሆነ ቦሌ፣ የልጆች ዕቃ በሚሸጥበት ሁሉ ዎከር አይጠፋም። ለክርስትና ይሰጣል፤ በቤቢ ሻወር ይቀርባል፤ ከውጭ የሚመጣ ዘመድ በሻንጣው ይዞት ይመጣል። ከታላቅ ለታናሽ፣ ከጎረቤት ለጎረቤት ይተላለፋል። ገዢዎቹ ሁለት ነገር ተስፋ ያደርጋሉ፤ ልጁ ቶሎ እንዲሄድ፣ እናቱም ፋታ እንድታገኝ። ፋታው እውነት ነው። ልጁን ቶሎ ያስኬደዋል የሚለው ግን ማስረጃ የለውም። ለፋታውም የሚከፈለው ዋጋ ብዙዎቻችን ከምናስበው በላይ ከባድ ነው።

ካናዳ በሩን የዘጋችበት ምክንያት

ልጅን በመደገፊያ አቁሞ ማስኬድ የዘመናችን ፈጠራ አይደለም። በ1440 አካባቢ (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በኔዘርላንድስ ለክሌቭስዋ ካትሪን በተዘጋጀ ሥዕላዊ የጸሎት መጽሐፍ ውስጥ ቅዱሱ ቤተሰብ በሥራ ላይ ሆኖ ይታያል። እመቤታችን ሽመና ላይ ነች፤ ዮሴፍ እንጨት ይልጋል፤ ሕፃኑ ኢየሱስ በእንጨት የተሠራ ዎከር ውስጥ ቆሟል። ሠዓሊው አስቦበት ይሁን ሳያስብበት የዕቃውን ዋና ምክንያት አሳይቶናል፤ የሁለቱም ወላጆች እጅ በሥራ ተይዟል። ከስድስት መቶ ዓመት ገደማ በኋላም ዎከር ወደ ቤታችን የሚገባው በዚያው ምክንያት ነው።

የእኛ ዘመን ዎከር ግን ፕላስቲክ ነው፤ ቀላል ነው፤ ጎማው በሴራሚክና በተወለወለ ሲሚንቶ ላይ ያለ ምንም ችግር ይሽከረከራል። በዚያ ላይ ቤታችን ደረጃ አብዝቷል። የሕፃናት ሐኪሞችን ያሳሰባቸው ይህ ጥምረት ነው።

ካናዳ ውስጥ ነጋዴዎች ዎከር መሸጥን በራሳቸው ፈቃድ የተዉት በ1989 ነበር። ሆኖም ዕቃው ከቤት አልጠፋም። ያገለገለው ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል፤ ከሌላ አገርም ይገባል፤ የተጎዱ ሕፃናትም ሆስፒታል መምጣታቸውን አላቋረጡም። በኤፕሪል 2004 መንግሥት ዎከርን መሸጥ፣ ማስመጣትና ማስተዋወቅ በሕግ ከለከለ፤ በዓለም የመጀመሪያው እንዲህ ያለ ክልከላ ነበር። ክልከላው በግቢ ደጃፍ የሚሸጥን ያገለገለ ዎከርም ይጨምራል። ሕጉ ሲወጣ ቅጣቱ እስከ 100,000 የካናዳ ዶላር ወይም እስከ 6 ወር እስራት ይደርስ ነበር። ቶሮንቶ ያለች እህቱን ሊጠይቅ የሚሄድ ወንድም ለአዲሱ ልጅ ብሎ ዎከር ቢይዝ፣ በስጦታ ስም ወደ ካናዳ ሊያስገባው አይችልም።

የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚም በ2001 ባወጣው የአቋም መግለጫ ጎማ ያላቸው ዎከሮች እንዳይመረቱና እንዳይሸጡ ጠይቋል። አሜሪካ ግን እስከ ክልከላ አልደረሰችም፤ የመረጠችው የደኅንነት መስፈርት ማውጣትን ነው። ስለዚህ ዋሽንግተን፣ ሜሪላንድም ሆነ ቨርጂኒያ ያለ ሐበሻ ቤተሰብ ዛሬም ከሱቅ ገብቶ ዎከር መግዛት ይችላል።

ከድንገተኛ ክፍል የተሰበሰበው ማስረጃ

ኦሃዮ ግዛት፣ ኮሎምበስ ከተማ ውስጥ ኔሽንዋይድ የተባለ የሕፃናት ሆስፒታል አለ። እዚያ የሚሠሩት ዶክተር ጋሪ ስሚዝ ለዓመታት ሲያጠኑት የኖሩት ጉዳይ ይኸው ነው። በ2018 ከባልደረቦቻቸው ጋር በፔዲያትሪክስ መጽሔት ያወጡት ጥናት ከ1990 እስከ 2014 ያለውን ጊዜ ይሸፍናል። በጥናቱ ግምት መሠረት በእነዚያ ዓመታት ዕድሜያቸው ከ15 ወር በታች የሆነ 230,676 ሕፃናት ከዎከር ጋር በተያያዘ ጉዳት በአሜሪካ ሆስፒታሎች ድንገተኛ ክፍል ታክመዋል።

ከተጎዱት መካከል 74.1 በመቶው ከደረጃ ላይ የወደቁ ናቸው። 90.6 በመቶው የተጎዱት ራሳቸውን ወይም አንገታቸውን ነው። ይህ በአጋጣሚ የሆነ አይደለም። የሕፃን ጭንቅላት ከቁመቱ ሩብ ያህሉን ይይዛል፤ ሲወድቅ ቀድሞ የሚሄደው ከባዱ ክፍል ነው። በዳዴ የሚሄድ ልጅ ደረጃ ላይ ቢንሸራተት ሰውነቱ ለመሬት የቀረበ ነው፤ በእጁም ይመክታል። ከዎከር ጋር የሚወድቅ ልጅ ግን ከነፍጥነቱና ከነዕቃው ይወርዳል። ሆስፒታል መተኛት ካስፈለጋቸው ሕፃናት ውስጥ 38 በመቶ ገደማ የሚሆኑት የራስ ቅላቸው ተሰንጥቆ ነበር።

ዶክተር ስሚዝ በ1997 ባሳተሙት ሌላ ጥናት ዎከር ያቆሰላቸውን 271 ሕፃናት አንድ በአንድ ተከታትለዋል። ከእነርሱ 69 በመቶው ጉዳቱ በደረሰባቸው ቅጽበት ጠባቂ ነበራቸው። እናት ሆነን፣ አባት ሆነን፣ ሞግዚት ሆነን ይህን ቁጥር ደጋግመን ልናስብበት ይገባል። «አጠገቡ ስላለሁ ምንም አይሆንም» የሚለው መተማመን ጎማ ላይ ላለ ልጅ አይሠራም። ችግሩ የመጣው ጠባቂው ስላልተጋ አይደለም፤ ዕቃው የሰው እጅ ከሚደርስበት በላይ ስለሚፈጥን ነው።

ሌላም አደጋ አለ። ዎከር ልጁን ቀና አድርጎ ያቆመዋል፤ በዳዴ ሲሄድ የማይደርስበትን ሁሉ ያስደርሰዋል። የጠረጴዛ ልብስ ጫፍ፣ የማፍያ ገመድ፣ የሞቀ ሻይ ብርጭቆ፣ መደርደሪያ ሥር የተቀመጠ የበረኪና ጠርሙስ በአንድ ጊዜ በእጁ ክልል ውስጥ ይገባሉ። በውጭ አገር የተጻፉ ማስጠንቀቂያዎች ስለ ምድጃና ስለ ቡና ኩባያ ያወራሉ። እኛ ዘንድ እሳቱ ራሱ ወለል ላይ ነው። ከሰል የያዘ ማንደጃ፣ በላዩ የሚንተከተክ ጀበና፣ ጎን ለጎን ጎማ ያለው ሕፃን፤ ቡና በወለል ላይ በሚፈላበት ቤት ዎከር ማለት ይህ ነው።

ከአሜሪካ ቁጥሮች ውስጥ ተስፋ የሚሰጥም አለ። በ1990 በዓመት 20,650 የነበረው ጉዳት በ2003 ወደ 3,201 ወርዷል። ለዚህ ትልቁን ድርሻ ያበረከተው በ1997 የወጣው መስፈርት ነው። መስፈርቱ ዎከሩ በተለመደ በር የማያልፍ ሰፊ እንዲሆን፣ ወይም ጎማው ደረጃ ጫፍ ላይ ሲደርስ ከሥር ባለ ሸካራ ነገር ተይዞ እንዲቆም ያዛል። በ2010 መስፈርቱ ግዴታ ሆነ፤ ጉዳቱም የበለጠ ቀነሰ። ያም ሆኖ እስከ ጥናቱ ማብቂያ ድረስ በዓመት ወደ 2,000 የሚጠጉ ሕፃናት ይጎዱ ነበር። የተሻሻለውም ዎከር ቢሆን ልጁን ከከሰል፣ ከሻይና ከበረኪና አያርቀውም።

እግሩን የማያይ መንገደኛ

አደጋውን ለጊዜው እንተወው። ደረጃ የሌለው፣ እሳት የሌለው ሰፊ ሳሎን አለን እንበል። ዎከሩ ቢያንስ መሄድ ያስተምራል?

መሄድ ማለት እግርን ማወራጨት ብቻ አይደለም። ልጅ ክብደቱን ከአንዱ እግር ወደ ሌላው ማዛወር፣ ሲያዘነብል ወገቡን መልሶ ማቅናት፣ ሊወድቅ ሲል ማወቅና ራሱን መያዝ አለበት። ዎከር ውስጥ ክብደቱን የሚሸከመው መቀመጫው ነው። ወደ ፊት ለመሄድ ገላውን ዘንበል አድርጎ በጣቶቹ ጫፍ መግፋት ይበቃዋል። ቢያዘነብል ቀለበቱ ይይዘዋል፤ ሚዛን መጠበቅ የእርሱ ሥራ መሆኑ ይቀራል። ቅል ታቅፎ ወንዝ የተሻገረ ሰው ዋና ተማረ አይባልም።

ሁለተኛው ጉዳይ ዓይኑ ነው። ከፊቱ የተዘረጋው ትሪ እግሩን ይጋርድበታል። ልጁ እግሩን ሲያነሳ ምን እንደሆነ አያይም፤ የፈለገውን ነገር ጎንበስ ብሎ ማንሳትም አይችልም። ሮጀር በርተንና አንድሪያ ሲገል የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች በ1999 ባሳተሙት ጥናት 109 ሕፃናትን አወዳድረዋል። ዎከር የተጠቀሙት ሕፃናት ካልተጠቀሙት ዘግይተው ተቀመጡ፣ ዘግይተው ዳዴ አሉ፣ ዘግይተውም ሄዱ። በዕድገት መመዘኛ ፈተናም ያነሰ ውጤት አገኙ። ተመራማሪዎቹ በተለይ ያሳሰባቸው እግርን የሚጋርደው ትልቁ ትሪ ነበር።

በ2002 ደግሞ በአየርላንድ 190 ሕፃናት ላይ የተደረገ ጥናት በብሪቲሽ ሜዲካል ጆርናል ወጣ። ልጁ በድምሩ ዎከር ውስጥ በቆየባት በእያንዳንዷ 24 ሰዓት ብቻውን የሚቆምበት ጊዜ በ3.7 ቀን፣ ብቻውን የሚሄድበት በ3.3 ቀን መዘግየቱን ተመራማሪዎቹ አስልተዋል። በቀን አንድ ሰዓት የሚቀመጥ ልጅ 24 ሰዓቷን ከአንድ ወር ባነሰ ጊዜ ይሞላታል።

እውነቱን ሙሉ ለሙሉ መናገር ይገባል። ጥናቶቹ ሁሉ አንድ ዓይነት ውጤት አላገኙም። መዘግየት ያላዩም አሉ፤ መዘግየቱን ያዩትም ቢሆኑ የሚያወሩት ስለ ጥቂት ቀናት ወይም ሳምንታት ነው። ዎከር ውስጥ ያደገ ጤነኛ ልጅ ቆይቶም ቢሆን ይሄዳል፤ ብዙዎቻችን ሄደናል። ስለዚህ ዎከር እግር ያሽመደምዳል የሚል ሰው ከማስረጃው ያለፈ ነገር ይናገራል። ነገር ግን ዕቃው የሚሸጠው ልጅን ቶሎ ያስኬዳል ተብሎ ነው፤ ይህን ተስፋ የሚደግፍ አስተማማኝ ማስረጃ የለም። ጥቅሙ ካልታየ፣ ጉዳቱ ደግሞ በመቶ ሺዎች ከተቆጠረ፣ ሚዛኑ ወዴት እንደሚደፋ ግልጽ ነው።

ሺህ እርምጃ፣ አሥራ ሰባት ውድቀት

ኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የተመራማሪዋ የካረን አዶልፍ ቤተ ሙከራ መጫወቻዎች የተበተኑበት ሰፊ ክፍል ነው። ሕፃናት እንደ ልባቸው እየተጫወቱ በካሜራ ይቀረጻሉ፤ ተመራማሪዎቹም እያንዳንዷን እርምጃ ይቆጥራሉ። በ2012 የታተመው ውጤት ወላጅን ያስደንቃል። ዕድሜያቸው ከ12 እስከ 19 ወር የሆኑ ሕፃናት በአማካይ በሰዓት 2,368 እርምጃ ይራመዳሉ፤ በሰዓት 17 ጊዜ ይወድቃሉ። ይወድቃሉ፣ ይነሳሉ፣ ይቀጥላሉ። በቂጣቸው ዱብ ማለታቸው፣ በእጃቸው መመከታቸው፣ ሶፋ ይዘው መነሳታቸው ትምህርቱ ራሱ ነው። ዎከር የሚቀማቸው ይህንን ነው፤ ትንንሾቹን ውድቀቶች አስቀርቶ ለአንዱ ትልቅ ውድቀት ያጋልጣቸዋል።

አፍሪካውያን እናቶች ልጅን የማስኬድ ጥበብ እንዳላቸው በጥናት ተመስክሯል። አሜሪካዊው ተመራማሪ ቻርልስ ሱፐር በ1970ዎቹ በኬንያ ምዕራባዊ ደጋ፣ ኮክዌት በተባለ የኪፕሲጊስ መንደር ኖሮ ሕፃናትን ተከታትሏል። እናቶቹ ልጅ መቀመጥና መሄድ ይማራል እንጂ ዝም ብሎ አይመጣለትም ብለው ያምናሉ። መሬት ላይ ጎድጓዳ ቦታ አበጅተው፣ ዙሪያውን በጨርቅ ደግፈው ልጁን ያስቀምጡታል፤ ወራቱ ሲደርስ በብብቱ ወይም በእጁ ይዘው ያስኬዱታል። እነዚያ ልጆች በመቀመጥም ሆነ በመሄድ የአሜሪካ ሕፃናትን በአንድ ወር ያህል ቀደሙ። ማንም በማያስተምራቸው በዳዴ ግን አልቀደሙም። ያፈጠናቸው መሬቱ፣ የእናት እጅና ልምምዱ ነው።

እኛስ ይህን አጥተነው እናውቃለን? አያት ልጁን ሁለት እጁን ይዛ «ዳዴ ዳዴ» ስትለው፣ ብቻውን ሲቆም ቤተሰቡ በአንድ ድምፅ «ወፌ ቆመች!» ሲል ኖሯል። ያ ልጅ ክብደቱን ራሱ ይሸከማል፤ እግሩን ያያል፤ ሲያዘነብል የያዘው እጅ ጠበቅ ይላል፣ ሲቀና ላላ ይላል። ፋብሪካ ያልሠራው የተሻለ ዎከር በየቤታችን ነበር።

ልጄ ዘገየ የምትል እናት

ዎከር ከሚገዙት ወላጆች ብዙዎቹን የሚገፋቸው ሥጋት ነው። የጎረቤት ልጅ በአሥር ወሩ ሄደ፤ የእኔ ዓመት ሞላው፣ ገና ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ጋናን፣ ሕንድን፣ ኖርዌይን፣ ኦማንንና አሜሪካን ባካተተው ጥናቱ ለዚህ ሥጋት መልስ ሰጥቷል። ጤነኛ ልጅ ያለ ድጋፍ የሚቀመጠው ከ4 ወር ገደማ እስከ 9 ወር ባለው ጊዜ ነው፤ ብቻውን የሚሄደው ከ8 ወር ትንሽ አልፎ እስከ 17 ወር ተኩል ባለው ጊዜ ነው። ጥቂት ጤነኛ ሕፃናት ዳዴ ሳይሉም ይሄዳሉ። ክልሉ ሰፊ ነው፤ በአሥር ወሩ የሄደውም በአሥራ ስድስት ወሩ የሄደውም ደኅና ናቸው።

በእርግጥ የዘገየ ልጅ ግን ዎከር ሳይሆን ሐኪም ያስፈልገዋል። እዚህ ላይ የኢትዮጵያ ጉዳይ ለብቻው መነሳት አለበት። ዶክተር ሉሉ ሙሄና ባልደረቦቻቸው በአዲስ አበባው የኢትዮ-ስዊድን የሕፃናት ሆስፒታል አጥንተው በ1997 በላንሴት መጽሔት ያሳተሙት ሥራ በሳንባ ምች የታመሙ 500 ሕፃናትን ካልታመሙ 500 ጋር አወዳድሯል። ከታመሙት 210ዎቹ ሪኬትስ የተባለው አጥንት የሚያለሰልስ በሽታ ነበረባቸው፤ ካልታመሙት 20ዎቹ ብቻ። ፀሐይ በማይጠፋበት አገር ልጆቻችን ፀሐይ አጥተው አጥንታቸው ይለሰልሳል። ከብርድ፣ ከምችና ከሰው ዓይን እንጠብቅ ብለን ሸፋፍነን እናሳድጋቸዋለን።

ሪኬትስ ያለበት ልጅ መቀመጥም መሄድም ይዘገይበታል። እርግብግቢቱ ቶሎ አይገጥምም፤ ጥርሱ ይዘገያል፤ የእጁ አንጓ ያብጣል፤ መቆም ሲጀምር እግሩ ይቆለመማል። እንዲህ ያለውን ልጅ እግሩ ይጠንክር ብሎ ዎከር ውስጥ ማቆም ሕመሙን መሸፈን ነው። መፍትሔው ምርመራ፣ ቫይታሚን ዲና ፀሐይ ነው። ፀሐዩም ልብሱን ገለጥ አድርጎ ውጭ የሚሞቀው መሆን አለበት፤ በመስኮት መስታወት አልፎ የሚገባው ለዚህ አይጠቅምም። ግቢ የሌለው የፎቅ ቤት ሲበዛ ይህ የበለጠ ሊታሰብበት ይገባል።

የእናት እጅስ?

ዎከሩን ውሰዱት ማለት ቀላል ነው። እናትየው ግን ወጡን ማውጣት፣ ልብሱን ማጠብ፣ የታላቁን የቤት ሥራ ማየት አለባት። ይህን ጥያቄ ሳይመልስ የሚመክር ሰው ሸክሟን ነው የሚጨምርባት።

የመጀመሪያው መልስ ወለሉ ነው። ምንጣፍ ወይም ሰሌን ተነጥፎ፣ ማንኪያ፣ ባዶ ጣሳና ኳስ ተበትኖለት፣ ማንደጃውና ማፍያው ከተከለለ የሳሎን ጥግ መማሪያ ይሆናል። ጫማ አያስፈልገውም፤ በባዶ እግሩ መሬቱን ይወቀው። ከቻሉ ተጣጣፊ የመጫወቻ አጥር ይግዙለት፤ ልጁ በውስጡ ይድሃል፣ ይዞ ይነሳል፣ የትም አይሄድም። ደረጃ ያለበት ቤት ከላይም ከታችም በር ያስፈልገዋል። ይዞ መቆም ለጀመረ ልጅ፣ የማይገለበጥና የሚገፋ መጫወቻ ከዎከር ይሻላል፤ ቆሞ የሚገፋው በራሱ እግር ነውና።

ሁለተኛው መልስ ጀርባ ነው። አንቀልባ እጅን ነፃ ያወጣል፣ ልጅንም ያረጋጋል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 ባወጣው መመሪያ ከአንድ ዓመት በታች ያለ ልጅ በጋሪም ሆነ በጀርባ ታስሮ በአንድ ጊዜ ከአንድ ሰዓት በላይ እንዳይቆይ፣ ገና መንቀሳቀስ ያልጀመረውም ነቅቶ ሳለ በቀን ውስጥ በድምሩ ቢያንስ 30 ደቂቃ በሆዱ ተኝቶ እንዲጫወት ይመክራል። እያዘሉ ማውረድ፣ እያወረዱ ማዘል ነው።

በዱባይ፣ በሪያድ ወይም በኩዌት የሌላ ሰው ልጅ የምትጠብቅ እህታችን ዎከሩን የመጣል ሥልጣን ላይኖራት ይችላል። የደረጃውንና የወጥ ቤቱን በር መዝጋት፣ ሻይና የጋለ ዕቃ ከጠረጴዛ ጫፍ ማራቅ፣ ልጁንም በተቻለ መጠን ምንጣፍ ላይ ማጫወት ግን በእጇ ነው። ይህ ልጁንም፣ ጥፋቱ የሚጣልባትን እርሷንም ይጠብቃል።

ቤቱ ዎከር ያለው ወላጅ ለሌላ ሰው አይስጠው፤ ጎማውን ነቅሎ ይጣለው። የሚያስመጣው ነጋዴ ደረጃ ጫፍ ላይ የማይቆም ዎከር በወላጆች እምነት እንደሚነግድ ይወቅ። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ስለ ክትባት ስትነግር ስለዚህም አንድ ቃል ትጨምር። ለአራስ ጥየቃ ወይም ለክርስትና የምንሄድ ደግሞ ለዎከር ያሰብነውን ገንዘብ ለጥሩ ምንጣፍ እናውለው። ከዚያ በላይ መስጠት የሚችል ሰው በየሳምንቱ ለሁለት ሰዓት መጥቶ ልጁን ይያዝላት። እናት ዎከር ውስጥ ስትፈልገው የነበረው ፋታ ይኸው ነው፤ ይህን የሚሰጣት ደግሞ ሰው ነው።